ናስትሮ መስሎኝ ነበር

ሥራዬ ሞተር መጠቅለል ነው፣ እዚሁ ኮምቦልቻ። ጥር ላይ ቆርቆሮ ሌባ ጣቴን ሥሩ ላይ ቆረጠኝ። ሐኪሙ ነርቩን ሰፋልኝና «ታገስ፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው» አለኝ። ምኑ እንደሚያድግ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ማታ ማታ ስለ ነርቭ ማንበብ የጀመርኩት በዚሁ ቁጭት ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሽዋን ሴልን ነው። ስሙ ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን በ1839 እ.ኤ.አ. ስለ ሴሎች ከጻፈው የመጣ ነው። ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያለውን ነርቭ ይሸፍናል። «ሽፋን» የሚለውን ሳይ በቃ ገባኝ አልኩ። ሽቦና ናስትሮ! ሁለት ሳምንት ያጃጃለኝ ይኸው ነው።

ሽቦ ላይ ናስትሮው ዝም ብሎ ይከልላል። ሽዋን ሴል ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። እያንዳንዱ ከአንዲት የነርቭ ክር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይይዝና ራሱን ደጋግሞ ይጠመጥምባታል። ያ ቅባት የበዛበት ጥቅልል ማይሊን ይባላል። በአንዱና በሚቀጥለው መሃል ጠባብ ክፍተት አለ፤ የራንቪዬ አንጓ ይሉታል። መልእክቱ እዚያ ጉልበቱን እያደሰ ከአንጓ አንጓ ይዘላል። ፈጣኑ ነርቭ በሰከንድ እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ጥቅልል የሌለው ቀጭኑ ክር በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ይጎተታል። መዶሻ ጣት ሲያገኝ መጀመሪያ ጥው ብሎ፣ ቆይቶ የሚጠዘጥዘው ለዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ በመዳብ ሽቦና በናስትሮ ሠርቼ ሞከርኩት፣ ክፍተቱን ሳይቀር። ባልደረባዬ አይቶ «ይሄማ ሾርት ያደርጋል» አለ። ልክ ነው፣ ለሞተር አይሆንም።

የገረመኝ ሲቆረጥ የሚሆነው ነው። ከቁስሉ ወዲያ ያለው ክር ይሞታል። ሽዋን ሴሎቹ ግን አይሞቱም። ማይሊናቸውን ይጥላሉ፣ ፍርስራሹን ያጸዳሉ፣ ከዚያ ተሰልፈው ለአዲሱ ክር መንገድ ይሆኑታል። ሐኪሙ ያለው ሚሊ ሜትር የዚህ አዲስ ክር እድገት ነው። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ሽፋን ሠሪዎች ሌሎች ናቸው፤ ይህን አያደርጉም።

ሌላም አገኘሁ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚደበቀው እነዚሁ ሽዋን ሴሎች ውስጥ ነው። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚታከሙ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እሳት ሲነካቸው የማይሰማቸው ለምን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ለካ ነርቫቸው ተጎድቶ ነው።

አሁን እሁድ እሁድ ጣቴን መታ መታ አደርጋለሁ። የሚነዝረኝ ቦታ ላይ፣ አዲሱ ክር እዚህ ደርሷል ብዬ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ከጠባሳው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጫፉ ሄዷል። ቀጭንና ወፍራም ሽቦ ግን በዚያ ጣት ገና አልለይም።