የተበላሸ የፓርቲሽን ሰንጠረዥን በተርሚናል መጠገን

“ዲስኩ ባዶ ሆነብኝ” ተብሎ ከሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው ፋይል የጠፋበት ሳይሆን የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፍል) ሰንጠረዡ ብቻ የተበላሸበት ነው። ሰንጠረዡ እያንዳንዱ ፓርቲሽን ከየትኛው ሴክተር (የዲስኩ ትንሹ የመረጃ ክፍል) ተነሥቶ እስከ የትኛው እንደሚዘልቅ የሚመዘግብ ትንሽ ቦታ በመሆኑ፣ እሱ ቢሰረዝም ፎቶውና ሰነዱ በነበሩበት ይቆያሉ። ለአደጋ የሚያጋልጣቸው ደንግጦ ፎርማት ማድረግ፣ ወይም ዊንዶውስ ዲስኩን ኢኒሻላይዝ ላድርገው ብሎ ሲጠይቅ ሳያስቡ እሺ ማለት ነው።

ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ጂፒቲ የተባለው የሰንጠረዥ ዓይነት ለእንዲህ ያለው አደጋ አስቀድሞ የታሰበበት አሠራር ነው። ሴክተሩ 512 ባይት በሆነ ዲስክ ላይ ራስጌው (የሰንጠረዡ መግቢያ መረጃ) በሴክተር 1 ይቀመጣል፤ 128 ፓርቲሽኖችን መያዝ የሚችለው ዝርዝር ደግሞ ከሴክተር 2 እስከ 33 ይዘልቃል፤ የሁለቱም ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ራስጌው የራሱንና የዝርዝሩን ትክክለኛነት የሚያረጋግጡ የሲአርሲ (ስህተት መፈተሻ) ቁጥሮች ስላሉት፣ የጥገና ፕሮግራሙ የትኛው ቅጂ ጤነኛ እንደሆነ በግምት ሳይሆን በስሌት ያውቃል። የቀድሞው የሰንጠረዥ ዓይነት ኤምቢአር ግን ሰንጠረዡን በመጀመሪያው ሴክተር ውስጥ ባሉ 64 ባይቶች ብቻ ስለሚይዝና ቅጂ ስለሌለው፣ ጥገናው ከበድ ይላል።

ሥራው የሚጀምረው በማየት ነው። በሊኑክስ ተርሚናል ዲስኮችን በሚዘረዝረው የኤልኤስቢኤልኬ ትዕዛዝ የዲስኩን ስምና መጠን አረጋግጣለሁ፤ ኤስዲኤና ኤስዲቢ የተባሉትን የዲስክ ስሞች ማምታታት ጤነኛውን ዲስክ ያስበላልና። ቀጥሎ በስማርትሲቲኤል ትዕዛዝ የዲስኩን አካላዊ ጤንነት እመለከታለሁ። መነበብ ያቃታቸው ሴክተሮች ካሉ ጥገናውን ትቼ በጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ፕሮግራም ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምሠራው በግልባጩ ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ዲስክ የሚገባባቸው አንዳንድ የዩኤስቢ ማቀፊያዎች 512 ባይት የሆነውን ሴክተር 4096 አስመስለው ለኮምፒውተሩ ያቀርባሉ። ማቀፊያው ተበላሽቶ ዲስኩ ወጥቶ በቀጥታ በሳታ ገመድ ሲገናኝ፣ ኮምፒውተሩ ራስጌውን ከ512ኛው ባይት ላይ ይፈልጋል፤ ራስጌው ያለው ግን 4096ኛው ላይ ነው። ዲስኩ ባዶ መስሎ ቢታይም የተበላሸ ነገር የለም። ተመሳሳይ ማቀፊያ ፈልጎ መሞከር ይገባል እንጂ አዲስ ሰንጠረዥ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው።

ቅርብ ጊዜ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ያመጣው ዲስክ ግን በእርግጥ ሰንጠረዡ የተበላሸበት ነበር። ጂዲስክ በሚባለው የጂፒቲ ሰንጠረዥ ማስተካከያ ፕሮግራም ስከፍተው ዋናው ራስጌ ልክ እንዳልሆነ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቅጂ ግን ጤነኛ እንደሆነ አስጠነቀቀኝ። ፒ የሚለውን ፊደል ስጫን ፓርቲሽኑ ከሴክተር 2048 ጀምሮ ተዘርዝሮ ታየ። ይህ ቁጥር ልክ 1 ሜጋባይት ላይ የሚያርፍና አብዛኞቹ የዛሬ ፕሮግራሞች የመጀመሪያውን ፓርቲሽን የሚጀምሩበት ስለሆነ፣ ሲታይ ልብ ያሳርፋል። በቪ ስህተት መኖር አለመኖሩን ካስፈተሽሁ በኋላ ወደ ጥገናው ምናሌ በአር ገባሁ፤ በቢ ራስጌውን፣ በሲ ዝርዝሩን ከቅጂው አስመለስሁ። እስከዚህ ድረስ የሆነው ሁሉ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ላይ እንጂ በዲስኩ ላይ አልነበረም። ደብሊው ተጭኖ እስኪረጋገጥ ድረስ በኪው ምንም ሳይነኩ መውጣት ይቻላል፤ ጂዲስክን የምወደውም በዚህ ነው። ከጻፍሁ በኋላ ፓርቲሽኑን ለንባብ ብቻ ከፍቼ ፎቶዎቹን አየሁ፤ ወደ ሌላ ዲስክ ሳልገለብጣቸውም አልመለስሁለትም።

ሁለቱም ቅጂዎች ከጠፉ፣ ወይም ሰንጠረዡ ኤምቢአር ከሆነ፣ ተስፋው ቴስትዲስክ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ዲስኩን እየቃኘ የፋይል ሥርዓቶችን መነሻ ምልክት በመፈለግ የቀድሞዎቹን ፓርቲሽኖች ወሰን መልሶ ያገኛል። በትልቅ ዲስክ ላይ ፍለጋው ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ መታገሥ ነው። ያገኘውን ከመጻፍ በፊት ፒ ተጭኖ የፋይሎቹን ስም ማየት ስለሚቻል፣ ስሞቹ በትክክል ካልተነበቡ ወሰኑ ስህተት ሊሆን ይችላልና መጻፍ አይገባም።

ዲስኩ ጤነኛ ሳለ ኤስጂዲስክ የተባለውን ፕሮግራም ከባክአፕ (ቅጂ መያዣ) ምርጫው ጋር ማስኬድ የሰንጠረዡን ግልባጭ በአንዲት ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሏ በሌላ ዲስክ ላይ ትቀመጥ፤ ፓርቲሽን በተጨመረ ወይም መጠኑ በተለወጠ ቁጥርም እንደገና ትወሰድ፤ አሮጌ ግልባጭ መመለስ አዲሱን ሰንጠረዥ ያጠፋልና።