ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳትን ከሽንት ማንበብ፦ በጎጃም ላቦራቶሪ የሠራንበት መንገድ

ኩላሊት ዛሬ ጠዋት ቢጎዳ በደም የሚለካው ክሬያቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው የጡንቻ ቆሻሻ) ይህን በግልጽ የሚያሳየው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው። ሽንት ግን በመጠንም በይዘትም ቀድሞ ይለወጣል። እኛ ይህን ምርመራ የምንሠራው ማንኛውም የወረዳ ሆስፒታል ባለው ዕቃ ነው፦ ዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚነበብ ስትሪፕ)፣ ሴንትሪፊውጅ (ቱቦ አሽከርክሮ ዝቃጭ የሚለይ ማሽን)፣ 10 እና 40 ሌንስ ያለው ማይክሮስኮፕ፣ መለኪያ ጆግ፣ ሰዓት። ናሙናቸው የሚመጣልንም የታወቁ ናቸው፦ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ ተቅማጥና ትውከት ያሟጠጠው ሰው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ከቆላ በወባ ታሞ የሚወጣ ገበሬ፣ ጄንታማይሲን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲወስድ የሰነበተ፣ ምንነቱ ያልታወቀ የባህል መድኃኒት የጠጣ።

ከሁሉ ርካሹ ምርመራ መጠኑን መለካት ነው፤ ከሁሉ የሚዘነጋውም እሱው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኬዲጎ (ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት) መመሪያ ሽንት ለ6 ሰዓት በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊ ሊትር ካነሰ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው ይላል፤ ክሬያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ቢጨምርም እንዲሁ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30፣ በ6 ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዋርድ ላይ «ሽንት አለ» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግርም፤ ቁጥርና ሰዓት ይጻፍ። ሽንት ጭራሽ ከቆመ ግን ከማይክሮስኮፕ በፊት ፊኛው ይዳሰስ፣ ካቴተሩ ታጥፎ ወይም በረጋ ደም ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ። ፕሮስቴት ያለባቸው አባቶች ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ናሙናው የሚወሰደው ግሉኮስ ከመሰቀሉና ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ ከመወጋቱ በፊት ነው። ካልሆነ የሽንቱ ክብደትም የሶዲየሙ ስሌትም ይዛባል። ሕክምናው ግን ናሙና እየተጠበቀ አይዘገይም፤ ከቀደመ ቀድሟል፣ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ ማስፈር ነው። ራሳቸው መሽናት ለሚችሉ «እማማ፣ መጀመሪያውን ይልቀቁትና መሃሉን ይያዙልኝ» ማለት ይበቃል። ካቴተር ካለ ቱቦውን ለጥቂት ደቂቃ ቆንጥጦ በመውሰጃው በሲሪንጅ መሳብ ነው እንጂ ከረጢቱ ውስጥ ያደረውን መቅዳት አይገባም፤ እዚያ ካስቶቹ (በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ተቀርጸው ከሽንት ጋር የሚወጡ ጥቃቅን ዘንጎች) ሟሙተዋል፣ ባክቴሪያው ፈልቷል። አራስ እናት ላይ የማሕፀን ደም ስለሚቀላቀል በካቴተር ይወሰድ። ዕቃው በበረኪና ታጥቦ ጠረኑ ካልለቀቀ ዲፕስቲኩ ደም ሳይኖር ደም ያሳያል፤ በዚህ ምክንያት ታጥቦ የተመለሰ ዕቃ አንቀበልም። ከተሸና እስኪታይ 1 ሰዓት፣ ቢበዛ 2 ሰዓት። ሽንቱ ቀጭን ወይም አልካላይን ከሆነ ካስቶች ከዚያም ፈጥነው ይጠፋሉ።

ዲፕስቲክ ላይ የሚበላሸው በአብዛኛው ከጠርሙሱ ነው። ክዳኑ ክፍት ከዋለ እርጥበት ይገባዋል፤ ዓባይ በረሃ ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ፍሪጅ ውስጥም አይቀመጥም። ነክሮ ወዲያው ማውጣት፣ ጠርዙን ዕቃው አፍ ላይ ማንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ሰዓት ይዞ ማንበብ፤ ብዙዎቹ ስትሪፖች ደምንና ፕሮቲንን በ60 ሴኮንድ፣ ነጭ የደም ሴልን በ120 ሴኮንድ ያነባሉ። ስፔሲፊክ ግራቪቲ (የሽንቱ ክብደት ከውኃ ጋር ሲነጻጸር) ከ1.020 በላይ ከሆነ ኩላሊቱ ውኃ መቆጠብ ገና አልተወም፤ 1.010 ላይ ከቆመ ግን ውኃ የመቆጠብ አቅሙ ተነክቷል ማለት ነው።

አንድ ውጤት ግን ዲፕስቲኩ ላይ ሲታይ ሌላውን ሥራ ያስቆመናል፦ ደም 3 ፕላስ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ግን ቀይ የደም ሴል የለም። ስትሪፑ የሚያየው ሴሉን ሳይሆን ሂሞግሎቢንን ነው፤ ከጡንቻ የሚወጣውን ሚዮግሎቢንንም ከሱ አይለይም። ያኔ የታካሚውን ደም አሽከርክረን ቱቦውን ነጭ ወረቀት ፊት እንይዘዋለን። ላይኛው ፈሳሽ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ደም ሥር ውስጥ ሴል እየፈረሰ ነው፤ ከባድ ወባ፣ ወይም ጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቅ ኢንዛይም) የሚጎድለው ሰው የወባ መድኃኒቱን ፕሪማኩይን ወስዶ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ እንደ ወትሮው ቢጫ ሆኖ ሽንቱ የሻይ መልክ ካለው ጡንቻ ነው የፈረሰው፤ የተደበደበ፣ ናዳ የተጫነው፣ ረጅም ሰዓት ሲያንቀጠቅጠው የቆየ። ሁለት ጥንቃቄ አለው፦ ደሙ ሲቀዳ ራሱ ፈርሶ ሊሆን ስለሚችል ሮዝ ሲሆን እንደገና ይቀዳ፤ በጣም የቀጠነ ሽንት ውስጥም ቀይ ሴሎች ፈንድተው ይጠፋሉ።

ወደ ዝቃጩ እንምጣ። ሽንቱን ቀስ አድርጎ መቀላቀል፣ 10 ሚሊ ሊትር ጫፉ በሾለ ቱቦ መለካት፣ በ400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ ኃይል) ለ5 ደቂቃ ማሽከርከር። ማሽኑ ላይ የሚጻፈው ዙር ነው እንጂ ጂ አይደለም፤ ከመሃል እስከ ቱቦው ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 1,550 ዙር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 1,900 ዙር ይጠጋል። ለደም በለመዱት 3,000 ማዞር ካስቶቹን ይሰባብራል። ፍሬን አይያዝ፤ ዝቃጩ ይናወጣል። ላይኛውን አፍስሶ 0.5 ሚሊ ሊትር አስቀርቶ በቀስታ መበተን፣ አንድ ትንሽ ጠብታ (20 ማይክሮ ሊትር) ስላይድ ላይ፣ ከላዩ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት)። ጠብታው ከበዛ ካስቶቹ ከከቨር ስሊፑ ሥር ይወጣሉ። ታካሚው 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሸና ያንኑ ሠርተን መጠኑን እንጽፋለን፤ የ4 ሚሊ ሊትርን ቁጥር ከ10 ጋር ማወዳደር አይቻልም። መብራት ሲሄድ ቱቦውን አቁሞ ማስቀመጥ ከባዶ ይሻላል፤ ውጤቱ ላይ ግን «ያልተሽከረከረ» ይባል።

ካስት ያመልጠን የነበረው በብርሃን ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይደለም። ለወባ ስላይድ የተከፈተ ደማቅ ብርሃን ሃያላይን (ጥርት ያለና ቀለም አልባ) ካስትን ከዕይታ ጭራሽ ያጠፋዋል። ኮንደንሰሩን ዝቅ፣ ዲያፍራሙን ጠበብ አድርጎ መጀመሪያ በ10 ሌንስ የከቨር ስሊፑን ጠርዝ መዞር ነው፤ ካስቶች ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ቢያንስ 10 እይታ ካዩ በኋላ ወደ 40። የምንፈልገው ቡናማ፣ ጭቃ የመሰለ፣ ሻካራ ጥራጥሬ የሞላበት ግራኑላር ካስት ነው፤ ጎንና ጎኑ ትይዩ፣ ጫፉ ክብ። ከጎኑም የኩላሊት ቱቦ ሴሎች፦ ከነጭ የደም ሴል ጥቂት ተለቅ ያሉ፣ አንድ ክብ ኒውክለስ ያላቸው። ከነጭ ሴል ጋር ሲምታቱ 2 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብ ማድረግ ኒውክለሱን ያጎላዋል፤ ቀይ ሴሎችን ግን ያፈርሳል፣ ስለዚህ በሌላ ስላይድ ላይ።

የደብረ ማርቆስ ብርድ የራሱን ችግር ያመጣል። የጠዋት ናሙና መስኮት ዳር ከተቀመጠ ዩሬት (የዩሪክ አሲድ ጨው) ይረጋና ሮዝ ደለል ይሠራል፤ ደለሉ ንፍጥ ላይ ሲለጠፍ ግራኑላር ካስት ይመስላል። ቱቦውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ዩሬቱን ያሟሟዋል፤ እውነተኛው ካስት ይቀራል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ታካሚ ላይ ደግሞ ዓይኑን ያቢጫው ቢሊሩቢን ካስቶቹንና ሴሎቹን ያቀልማል፤ የኩላሊት ቱቦው ሳይሞትም ግራኑላር ካስት ሊታይ ይችላል። እዚያው ታካሚ ላይ በጃፌ ዘዴ (በቀለም ለውጥ በሚለካው) የተሠራ ክሬያቲኒን ከእውነቱ ዝቅ ሊል ስለሚችል ሁለቱም መረጃ ይጠረጠራል።

ለሐኪሙ «አልፎ አልፎ ታይቷል» ከማለት ቁጥር እንሰጣለን። እ.ኤ.አ. በ2010 የኩላሊት ሐኪሙ ፔራዜላና ባልደረቦቹ ያወጡት ነጥብ ይመቻል፦ ግራኑላር ካስት በ10 ሌንስ በአንድ እይታ ከ1 እስከ 5 ከሆነ 1 ነጥብ፣ 6 እና ከዚያ በላይ 2 ነጥብ፤ የቱቦ ሴልም በ40 ሌንስ በተመሳሳይ። ድምሩ 2 እና በላይ ሲሆን የኩላሊት ቱቦው ራሱ ተጎድቷል የሚለው ይጠነክራል፤ ፈሳሽ ብቻ በማብዛት የሚመለስ ላይሆን ይችላል። ሃያላይን ብቻ ካለ ወይም ባዶ ከሆነ ፈሳሽ ማነስ ወይም መዘጋት ይታሰባል። ቀይ ሴል የተሸከመ ካስት አንድ እንኳ ቢታይ በስልክ ይነገራል፤ የኩላሊቱ ማጣሪያ እብጠት ነው፣ ጉሮሮው ወይም ቆዳው ቆስሎ የከረመ ሕፃን ላይ እንደምናየው። የነጭ ሴል ካስት የኩላሊት ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ቁጣ ይጠቁማል።

ኤሌክትሮላይት ማሽን ሲኖር የሶዲየም ስሌት (ኩላሊቱ ካጣራው ሶዲየም ስንት በመቶው በሽንት እንደወጣ) እንጨምራለን፦ የሽንት ሶዲየም ሲባዛ በደም ክሬያቲኒን፣ ይህ ለደም ሶዲየምና ለሽንት ክሬያቲኒን ብዜት ሲካፈል፣ ሲባዛ በ100። ሽንት ሶዲየም 20፣ ደም ሶዲየም 140፣ ሽንት ክሬያቲኒን 100፣ ደም ክሬያቲኒን 2 ቢሆን 0.29 በመቶ ይመጣል። ከ1 በታች ፈሳሽ ማነስ፣ ከ2 በላይ የቱቦ ጉዳት። የሽንት ክሬያቲኒን ሳይቀጠን አይነበብም፤ 1 ለ 50 ቀጥኖ 50 ማባዛቱ ከተረሳ ያው ሰው 14 በመቶ ይሆንና ፈሳሽ ሊከለከል ይችላል። ፉሮሴማይድ ለወሰደ ሰው ሶዲየሙ ትርጉም ያጣል፤ ስሌቱ በሶዲየም ፈንታ በዩሪያ ተሠርቶ ከ35 በመቶ በታች ከሆነ ፈሳሽ ማነስ ይባላል። ጡንቻ የፈረሰበት ሰው ላይም የቱቦ ጉዳት እያለ ከ1 በታች ሊመጣ ይችላል፤ ስሌቱና ዝቃጩ ሲጋጩ እኔ የማምነው ዝቃጩን ነው።

ኔፍሮቼክ (አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የፈቀደችው) እና ኤንጋል የተባሉት አዳዲስ የሽንት ምርመራዎች ከዚህም ቀድመው ይናገራሉ። ዋጋቸውን ሳስብ ግን መለኪያ ጆጉ ይቀድማል።

የመጀመሪያው ስላይድ ባዶ ሆኖ ሽንቱ ካልጨመረ በማግስቱ አዲስ ናሙና እንጠይቃለን። የኩላሊት ቱቦው ሲደፈን ካስቶቹ የሚወርዱት ሽንት መፍሰስ ሲጀምር ነው፤ ሁለተኛው ስላይድ ላይ ቡናማው ሞልቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ውጤቶች ከነሰዓታቸው፣ ከሽንቱ መጠንና ታካሚው ከወሰደው ፈሳሽ ጋር በአንድ ወረቀት ይሰፍራሉ፤ ዳያሊሲስ ወዳለበት ሪፈር ሲባልም ያ ወረቀት አብሮ ይሄዳል።