የአባቴ ማቀዝቀዣ ዛሬ ተከፍቷል?

አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ብቻቸውን የሚኖሩ የደም ግፊት ታማሚ ናቸው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሩቅ ልከታተላቸው እንደምፈልግ ስነግራቸው «ካሜራ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ ሽርጡን አገልድሞ ቢቀመጥ ማን ያየዋል?

ስለዚህ የገዛሁት በክንድ ላይ የሚታሰርና ውጤቱን በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚያስተላልፍ የግፊት መለኪያ፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰርና የበር ሴንሰር ነው። ሴንሰሮቹን ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ከጫንኩት ሆም አሲስታንት ከሚባል የቤት ሴንሰሮችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ጋር አገናኘኋቸው፤ ማንቂያው በቴሌግራም ይደርሰኛል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሯም ራውተሩም በባትሪ ይቀጥላሉ።

ያስቸገረኝ የድሬ ሙቀት ነው። የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሰውን የሚለየው ገላው ከአካባቢው ይልቅ ስለሚሞቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ራሱ ወደ ገላ ሙቀት ሲጠጋ ልዩነቱ ይጠፋበታል። አንድ ቀን «እንቅስቃሴ የለም» ሲለኝ ደንግጬ ለጎረቤታችን ደወልኩ። ሄደው ቢያዩ አባቴ ሳሎን ውስጥ በርጫ ላይ ናቸው፤ ጨዋታው ደርቷል።

የከሰዓቱን ማንቂያ አጠፋሁና የበር ሴንሰሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማት ቶሎ አይሰማውም፤ አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ደግሞ ሽንት ያበዛል፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ያልጠጣ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ማቀዝቀዣው እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ካልተከፈተ መልእክት ይመጣል። መጀመሪያ ለእሳቸው እደውላለሁ፤ ካላነሱ ትርፍ ቁልፍ ላላቸው ለጎረቤታችን። ካናዳ ያለችው እህቴም ማንቂያው እንዲደርሳት ጠይቃ ነበር። ከዚያ ሆና በር ልትከፍት አትችልም፤ ለእሷ የምልከው የግፊቱን ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

ግፊቱን የሚለኩት ጠዋት ከመድኃኒትና ከቡና በፊት፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው 5 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ሲለካ አማካዩ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። አንዳንዴ ከሰዓትም ይለኩና ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል። አባቴ ስለ በርጫቸው ለሐኪሙ ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር፤ ሰንጠረዡ ነገረባቸው። ለጥቂት ቀናት አኩርፈውኛል።

አሁን ተራው ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖረው የአክስቴ ነው። እዚያ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን የድንጋይ ግድግዳው ውፍረት ነው፤ ሞገዱን ያፍነዋል። ሴንሰሮች ያለ ገመድ መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ ዚግቢ ይባላል፤ በባትሪ የሚሠራ የዚግቢ ሴንሰር የሌላውን መልእክት አያቀባብልም፤ ሶኬት ላይ የሚሰካው ግን ያቀባብላል። ስለዚህ በየክፍሉ መግቢያ አንድ አንድ የዚግቢ ሶኬት እሰካለሁ።