ባዶ ቦታ እንዴት ይመዘገባል? በጅማ ዙሪያ የደን እስስትን ስርጭት ስለማጥናት

በአማርኛ «እስስት» የሚባለው አቋም የሌለው ሰው ነው። እውነተኛዋ የደን እስስት ግን በዚህ አትታማም፤ ቀለሟን ትቀይር እንጂ ቦታዋን ቶሎ አትቀይርም። ክንፍ የላትም፣ እርምጃዋ ዝግ ያለ ነው፣ ሞቃት ሸለቆ አቋርጣ ማዶ ካለው ተራራ መድረስ ይከብዳታል። ስለዚህ ጎጀብን ወይም ጊቤን የመሰለ ቆላ በመሀል ሲገባ፣ ከወዲህና ከወዲያ ያሉት እስስቶች አንድ ዓይነት መሆናቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከባሌ የተገኘው ልምድም ይህንኑ ያሳያል። ቀንድ የለሿን የደጋ እስስት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስን፣ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ለሳይንስ ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ከዚያ በኋላ ከባሌ ተራሮችና ከሐረና ደን ብቻ ትሪዮሴሮስ ሐረኔ በ1995፣ ባለ ሁለት ቀንዷ ትሪዮሴሮስ ባሌቢኮርኑተስ በ1998፣ ትሪዮሴሮስ ቮልፍጋንግቦህሚ ደግሞ በ2021 ተለይተው ተመዝግበዋል። ሦስቱም ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ናቸው። በምዕራብ በኩል በጅማ ዞን ካለው በለጠ-ጌራ እስከ ሸካ ያለው ደን በዚያ ልክ ተፈትሿል ብለን አናምንም።

የስርጭት ካርታ ሲሠራ ሁሉም የሚጨነቀው ስለተገኘችበት ነጥብ ነው። ካርታን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተገኘችበት ነው። ተሂዶ የታጣችበት ቦታና ማንም ረግጦት የማያውቅ ቦታ ወረቀቱ ላይ እኩል ነጭ ሆነው ይታያሉ። ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ብርሃን፣ ስንት ሜትር ፈለገ የሚለው ካልተጻፈ «የለችም» ማለት አይቻልም።

መጀመሪያ የቆየውን መዝገብ ማጥራት ያስፈልጋል። በሙዚየም ጠርሙስ ላይ «ጅማ» የሚል መለያ ቢገኝ ቶሎ ነጥብ አያስቀምጡ። ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ፣ ጅማ ሆሮ የሚባሉት ሁሉ በወለጋ በኩል ናቸው፤ ከአባ ጅፋር ጅማ ጋር ሲምታቱ ነጥቡ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። በተቃራኒው «ከፋ» የሚል መለያ ቦንጋ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ጅማ ለረጅም ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። በጣሊያን ዘመን የተጻፉ መለያዎች ደግሞ ስሙን በራሳቸው ሆሄ ስለሚጽፉት በአንድ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣል። «ከጅማ 10 ኪሎ ሜትር በስተምዕራብ» የሚለውም ቢሆን በመንገድ ይሁን በአየር፣ ከአደባባዩ ይሁን ከከተማው ዳር አይታወቅም። ለእንዲህ ያለው መዝገብ ነጥብ ሳይሆን ክብ ይሰጠዋል፤ ራዲየሱ ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር ይሁን። መለያው ላይ የከፍታ ቁጥር ካለ ክቡን ለማጥበብ ይረዳል።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው። «12/2/2017» ብሎ የጻፈ ሰው ጥቅምት 12 ቀን 2017 ማለቱ ነው። የውጭ የመረጃ ቋት ግን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ኦክቶበር 22 ቀን 2024 ነው። ዓመቱም ወቅቱም አብረው ይጠፋሉ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት «2:00» ተብሎ ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ደግሞ በፈረንጁ ቀኑ ተቀይሯል፣ በእኛ ግን ገና አልነጋም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፣ ሰዓቱ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ይጨመርበት፣ ስልኩ የመዘገበው ሰዓት በሌላ ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ።

የአቀማመጥ ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። የአገራችን የቆዩ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) ነው። ስልክና ጂፒኤስ የሚሠሩት በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። 200 ሜትር በሜዳ ላይ ምንም አይደለም፤ በደን ዳርቻ ግን እስስቷን ከቀረሮ ዛፍ አንስቶ በቆሎ ማሳ መሀል ያስቀምጣታል፣ በገደላማ ቦታ ላይ ደግሞ ከፍታዋን ይቀይራል። ሌላው ችግር ዞን ነው፤ ዩቲኤም የሚባለው የካርታ ሥርዓት ምድርን በየ6 ዲግሪ ኬንትሮሱ በዞን ይከፍላል። ጅማ ከተማ ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተምሥራቅ ስለሆነች በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ናት፤ ወደ ማሻ፣ ቴፒና ሚዛን ሲኬድ ዞን 36 ይገባል። ዞኑን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ የያዙ ቅጾች አይተን እናውቃለን፤ ነጥቦቹ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ይወድቃሉ። ስለዚህ በዲግሪ አስርዮሽ፣ ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ይጻፍ፤ አምስተኛው አሃዝ ወደ 1 ሜትር ገደማ ነው። በጥቅጥቅ ደን ሥር ስልኩ ቆም ተብሎ የስህተቱ መጠን ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠበቅ፤ ካልወረደም የታየው ቁጥር ይመዝገብ። የከፍታ ቁጥርን ከሳተላይት ሞዴል የሚወስድ ሰው ደግሞ ሞዴሉ በደን ላይ የሚለካው መሬቱን ብቻ ሳይሆን የቅጠሉን ጣሪያም ጭምር መሆኑን አይርሳ።

ቦታ ስለመምረጥ። ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከጅማ በአጋሮ ወደ በደሌ የሚወስዱት መንገዶች ምቹ ናቸው፤ ስለዚህም ነጥቦች ሁሉ እንደ ዶቃ በመንገዱ ዳር ይሰለፋሉ። ይህ የእስስት ስርጭት ሳይሆን የመኪና ስርጭት ነው። አካባቢውን በ2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር ካሬ ከፍሎ፣ ከፍታን በየ200 ሜትሩ ለይቶ በዕጣ መምረጥ ይሻላል። ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር አምስት እርከን ይሆናል። በየእርከኑ አራት ዓይነት ቦታ ይያዝ፦ ያልተነካ ደን፣ ቡና የሚለቀምበት ደን፣ የጓሮ ቡና፣ ባሕር ዛፍ ወይም ጫት። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሲወሰድ 40 ቦታ ነው። በእያንዳንዱ አራት ጊዜ ቢኬድ 160 ጉብኝት፣ በአንድ ምሽት ሁለት ቢሠራ 80 ምሽት። ከዚህ ያነሰ በጀት ያለው ቡድን ቦታ ይቀንስ እንጂ ድግግሞሽ አይቀንስ።

ለምን? ሒሳቡ ይኸው። እስስቷ በቦታው እያለች በአንድ ጉብኝት የመታየት ዕድሏ 0.4 ነው እንበል። ሦስት ጊዜ ተሂዶ ሁሉንም ጊዜ የማጣት ዕድል 0.6 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ፣ 22 በመቶ ገደማ ነው። ከ5 በመቶ በታች ለማውረድ ስድስት ጉብኝት ያስፈልጋል። ዕድሏ 0.2 ከሆነ ግን ሦስት ጉብኝት 51 በመቶ ያስታል፤ ከሳንቲም ውርወራ አይሻልም። 5 በመቶ ለመድረስ 14 ጉብኝት ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ቀን ላይ ሄዶ «ከዚህ ደን ጠፍታለች» የሚል ሪፖርት የማንቀበለው ለዚህ ነው። በአንድ ቦታ የሚደረጉት ጉብኝቶች ሁሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቁ፤ ከዚያ ከረዘመ ደኑም እንስሳቷም ይለወጣሉ።

ፍለጋው የሌሊት ነው። ቀን ላይ ከቅጠል የማትለየው እስስት ሌሊት ስትተኛ ትገረጣለች፤ በባትሪ ብርሃን ነጣ ብላ ከሩቅ ትታያለች። የምትተኛው ብዙውን ጊዜ በቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። የግንባር ባትሪ ያስፈልጋል፤ የእጅ ባትሪ ከሆነም በጉንጭ ልክ ይያዝ፣ ምክንያቱም ብርሃኑና ዓይን በአንድ መስመር ካልሆኑ መገርጣቷ አይለይም። ከጨለመ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጀመራል። ሁለት ሰው፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ 200 ሜትር መስመር በአንድ ሰዓት ይጓዛሉ። ዝግታው ያሰለቻል፤ የሚፈጥን ሰው ግን መንገዱን እንጂ ቅርንጫፉን አያይም። ወደፊት የታየውን ሁሉ ዞር ብሎ ከኋላም ማየት ጠቃሚ ነው፤ ከአንድ ወገን ቅጠል የከለላት ከሌላው ትገለጣለች። ዝናብ እንዳባራ ወዲያው መግባት አይመከርም፤ እርጥብ ቅጠል ሁሉ ያንጸባርቃል፣ ዓይንም በሐሰት ነጭ ይደክማል። የእያንዳንዷ ቁመት ከመሬት፣ የዛፉ ዓይነት፣ ከመስመሩ ያላት ርቀት፣ ሙቀቱ ይጻፍ። ከዓይን ከፍታ በላይ የሚፈለገው በጣም ስለሚቀንስ ከ5 ሜትር በላይ ያለው «አልተፈተሸም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

በቡና ደን አንድ ልዩ ዓምድ ይጨመር፦ ምንጠራው መቼ ተደረገ? ገበሬው ከለቀማ በፊት ሥር ሥሩን ሲመነጥር ዝቅተኛው መተኛዋ ይጠፋል። ከምንጠራው በኋላ ቁጥሯ ቢቀንስ መሸሿ ይሁን መሞቷ ከዚህ ዓምድ ውጭ ለመገመት አይቻልም። ጥላ ዛፉም ይመዝገብ፤ ሳሳ፣ ዋንዛና ብሳና የቀሩበት ቡና አንድ ሽፋን ካለው ተከላ ጋር እኩል አይቆጠርም።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚወጣ ቡድን ይህን ይስማ፦ ቡና በቀላበት ወቅት ሌሊት ባትሪ ይዞ ቡና መሀል የሚሄድ ሰው ሌባ ነው። ጠባቂው እስስት ፈላጊ መሆናችሁን በጨለማ አይገምትም። ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለም ሰው እንዲሁ። ከመውጣት በፊት ለቀበሌው፣ ለደን አስተዳደር ማኅበሩ (በለጠ-ጌራ ላይ ሰዉ «ዋቡብ» ይለዋል) እና ለየማሳው ባለቤት ቀኑና መስመሩ ይነገር፤ ከማኅበሩ አንድ ሰው አብሮ ቢሄድ ደግሞ የተሻለ ነው። እሱ ጎሽ የሚያልፍበትን መንገድም ያውቃል።

ነዋሪን መጠየቅ ብዙ ምሽት ያተርፋል፣ በአግባቡ ከሆነ። ቃለ ምልልሱ በኦሮምኛ ይሁን፤ ስሟን አስቀድሞ ጠያቂው አይናገር፣ መልስ ሰጪው ራሱ ይሰይማት። አምስት ስድስት ፎቶ ሲቀርብ አንዱ ማዳጋስካር ብቻ የምትገኝ እስስት ትሁን። «እሷም እዚህ አለች» ያለ ሰው ውሸታም አይደለም፤ እንግዳን ላለማሳፈር ነው። ግን መልሱ ለካርታ አይሆንም፤ ወደዚያ ሄዶ ለመፈለግ ፍንጭ ብቻ ይሆናል።

ስትገኝ መጀመሪያ ፎቶ ነው፣ ከቅርንጫፏ ሳትነሳ። ቀጥሎ ግራና ቀኝ ጎን፣ ጭንቅላት በጎን፣ ጉሮሮ ከሥር፣ ጀርባ ከላይ፣ የኋላ እግር ተረከዝ። የጭንቅላት ቆብ፣ የጉሮሮና የጀርባ ሾህማ መስመር ካልታዩ ከሌሎች የአገራችን እስስቶች ለመለየት ያስቸግራል፤ ቀለም ብቻውን ምንም አይነግርም። ከተነሳች ጅራቷ አይሳብ፤ እጅ ከፊቷ ሲዘረጋ ራሷ ትወጣለች። ከአፍንጫ እስከ ጅራት መነሻ በማስመሪያ ተለክታ፣ በ50 ግራም ሚዛን ተመዝና፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለምልክት ክር ወደታሰረበት ቅርንጫፏ ትመለስ።

ሞታ ብትገኝ እንኳ ያለ ፈቃድ አትነሳም። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ለጥናቱ፣ ለሥጋ ናሙናና ለዘረመል ሥራ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ስምምነት ያስፈልጋል። ከአገር ሲወጣ የሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ወረቀት ይጨመራል፤ የትሪዮሴሮስ ወገን በሙሉ በአባሪ 2 ውስጥ ነው። ፈቃድ ካለ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ ፎርማሊን ከመነካቱ በፊት ትንሽ ሥጋ በ96 በመቶ ኤታኖል፣ ከዚያ ገላዋ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ በመጨረሻ በ70 በመቶ ኤታኖል። ፎርማሊን ቀድሞ ከገባ ዘረመሉን ማንበብ እጅግ ይከብዳል።

ነጥቦቹ ሲሰበሰቡ ሁለት ስፋት ይሰላል። የመጀመሪያው የዳር ነጥቦችን በማገናኘት የሚወጣው ውጫዊ ስፋት ነው፤ መሀሉ ያለ ቆላ አይቆረጥም፣ ምንም ያህል ቢያስጎመጅ። ሁለተኛው እስስቷ የተገኘችባቸው የ2 ኪሎ ሜትር ካሬዎች ድምር ነው፤ አንዱ ካሬ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ 11 ካሬ ማለት 44 ነው። የካሬውን መጠን መቀየር ውጤቱን ያጣምማል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ካሬ ቢሠራ ያው 11 ነጥብ እስከ 1,100 ሊደርስ ይችላል። የዝርያዎች የመጥፋት አደጋ በሚመዘንበት ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ ውጫዊ ስፋቱ ከ5,000፣ ወይም የካሬው ድምር ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ዝርያው ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር በከፍተኛ አደጋ ምድብ ሊታይ ይችላል። ሌሎቹ ማስረጃዎች የስርጭቱ መቆራረስና መቀነሱ መታየቱ ናቸው፤ ስፋቱ ብቻውን አያስመድብም።

የቀረው ነጥቦቹን ማውጣት ነው። እስስት በዓለም ገበያ ትሸጣለች፣ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ለሕዝብ አይለጠፍ። ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት ከነቦታው በሚለጥፉበት በአይናቹራሊስት ድረ ገጽ ላይ «የተሸፈነ» የሚለው ሲመረጥ ነጥቡ 0.2 ዲግሪ በ0.2 ዲግሪ በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ በዘፈቀደ ይወድቃል፤ ጎኑ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ለጥበቃ ጥሩ ነው፣ ግን ያንኑ የተሸፈነ ነጥብ አውርዶ የ2 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚቆጥር ሰው ባዶ ማሳ እየቆጠረ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከፍለጋ ቅጾቹ ጋር፣ ምንም ያልተገኘባቸውን ሌሊቶች ጨምሮ፣ ለባለሥልጣኑና በአራት ኪሎ ላለው የእንስሳት ሙዚየም በሁለት ቅጂ ይሰጥ።