ከቀብር መልስ የመጣው ፍርሃት

ሰሞኑን ኦሪት ዘፍጥረትን እንደገና እያነበብኩ ነው። የዮሴፍን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ቀሚሱን፣ ጉድጓዱን፣ ሕልሙን፣ በመጨረሻም «እኔ ዮሴፍ ነኝ» ብሎ ያለቀሰበትን ቀን። ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚያ ላይ ነው የምንጨርሰው። ምዕራፍ 45 ላይ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ አለቀ። እኔን አልለቅ ያለኝ ግን ምዕራፍ 50 ነው።

ያዕቆብ ሞተ። ግብፃውያን 70 ቀን አለቀሱለት። ልጆቹ ከነዓን ድረስ ወስደው ቀበሩትና ተመለሱ። ይሄኔ ወንድሞቹን ፍርሃት ያዛቸው። «ዮሴፍ ቂም ይዞብን ቢሆንስ? የሠራነውን ሁሉ ቢመልስብንስ?» ተባባሉ። ያዕቆብ ግብፅ ሲገባ 130 ዓመቱ ነበር፤ ሲሞት 147። ከዕርቁ በኋላ 17 ዓመት አልፏል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በጌሤም ምድር ዮሴፍ በሰጣቸው እህል ኖረዋል፣ ከብት አርብተዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። በልባቸው ግን «አባታችን እስካለ ድረስ ነው» ይሉ ነበር።

እውነት ለመናገር፣ ፍርሃቱ ከቤታቸው የመጣ ነው። አጎታቸው ዔሳው፣ ያዕቆብ በረከቱን ሲቀማው፣ «ለአባቴ የሚለቀስበት ቀን ቀርቧል፤ ያኔ ወንድሜን እገድለዋለሁ» ብሎ ዝቶ ነበር። እነሱም ልጆች ሳሉ ዔሳው 400 ሰው አስከትሎ ሲመጣ፣ አባታቸው ሲርበደበድ፣ በዓይናቸው አይተዋል። ዔሳው ያን ቀን ሮጦ ወንድሙን አቅፎ ሳመው እንጂ አልነካውም። ቢሆንም «አባት ሲሞት ቂም ይነሳል» የሚለው ነገር ከዚያ ቤተሰብ የወጣ አይመስለኝም።

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ምዕራፍ 37 ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ምን እንዳለ አይነግረንም። ጣሉት፤ ከዚያ ምግብ ሊበሉ ተቀመጡ። ይኸው ነው። ልመናውን የምንሰማው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ምዕራፍ 42 ላይ ነው። ያውም ከራሳቸው ከወንድሞቹ አፍ። እህል ሊገዙ ግብፅ ወርደው፣ ሰላዮች ናችሁ ተብለው ሲጨነቁ፣ «እየለመነን፣ ነፍሱ ስትጨነቅ እያየን አልሰማነውም» ይባባላሉ። በመካከላቸው አስተርጓሚ ስለነበር ዮሴፍ የሚሰማቸው አልመሰላቸውም። እሱም ዞር ብሎ አለቀሰ። ያ የልጅ ልመና ለካ ያን ሁሉ ዓመት ጆሯቸው ውስጥ ነበር።

ወደ ምዕራፍ 50 ልመለስ። ወንድሞቹ መጀመሪያ ራሳቸው አልሄዱም፤ መልእክት ላኩ። «አባትህ ከመሞቱ በፊት ወንድሞችህን ይቅር በል ብሎ አዞሃል» የሚል። ያዕቆብ ግን ይህን ሲናገር የትም አናነብም። በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ለአሥራ ሁለቱም ብዙ ነገር ተናግሯል፤ ይህ የለበትም። እንዲያውም ዮሴፍን እንደሸጡት ማወቁን እንኳ መጽሐፉ በግልጽ አይነግረንም። የፈጠሩት ይመስለኛል። አልፈርድባቸውም። በራሳቸው ስም ይቅርታ ለመጠየቅ አቅም ያጡ ሰዎች ናቸው።

ዮሴፍ መልእክቱን ሲሰማ አለቀሰ። ቀድሞ ይቅር ያለ ሰው፣ ይቅርታው እንዳልታመነ ሲያውቅ ምን ያህል እንደሚያመው እዚህ ጋ ገባኝ።

መልሱን በጣም እወደዋለሁ። «ምንም አልሆነም፣ ተዉት» አላለም። «እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ» ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። እግዚአብሔር ግን ለመልካም እንዳሰበው፣ ብዙ ሕዝብ በሕይወት እንዲኖር እንዳደረገው ጨመረ። ከዚያ «እናንተንም ልጆቻችሁንም እኔ እመግባችኋለሁ» አላቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲገባ ብዙ ጊዜ «ያለፈው አለፈ፣ አይነሳ» ይባላል። ይሳሳማሉ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ፣ ይመረቃሉ። ሽምግልናችንን አከብራለሁ፤ ስንት ቤት ከመፍረስ አድኗል። ነገር ግን በደሉ በስሙ ሳይጠራ ሲቀር ፍርሃቱ አብሮ ይቀራል።

ይህን የምለው ከቅርብ ስለማውቀው ነው። ሁለት ዘመዶቼ በውርስ ቤት ተጣልተው፣ ዓመታት ተኳርፈው፣ በሽማግሌ ታርቀዋል። በዓል ሲመጣ ይጠራራሉ። የበደለችው ግን እስከ ዛሬ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሁሌም ከአቅሟ በላይ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ «ልሂድ» ትላለች። ሌላኛዋ «ምነው እንደ እንግዳ!» ትላለች፤ ከልቧ ነው የምትለው። ግን ስለዚያ ቤት አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።

ዮሴፍ በ110 ዓመቱ ሊሞት ሲል ወንድሞቹን ጠርቶ፣ እግዚአብሔር ሲጎበኛችሁ አጥንቴን ከዚህ ይዛችሁ ውጡ ብሎ አስማላቸው። በልጅነቱ አውጥተው የሸጡት እነሱ ናቸው። አሁን ወደ አገሩ መመለሱን ለእነሱና ለልጆቻቸው አደራ ሰጠ። ለእኔ ከምዕራፍ 45ቱ ማቀፍ ይልቅ ዕርቁ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ይቅር ያለው ሰው መስጠት ብቻ ሳይሆን፣ ከባድ ነገር ለመናቸው።

ለተበደለችው ዘመዴ ይህን ክፍል ላነብላት አስቤያለሁ። ከዚያ ለመጪው በዓል ዘመዷን «ባዶ እጅሽን ነይ፣ ዶሮውን አንቺ ነሽ የምትሠሪልኝ» እንድትላት እለምናታለሁ። ስለ ቤቱም ሽንኩርት እየከተፉ ያወራሉ።