«ደረጃ አንድ» ስላለ ብቻ መጽሐፍ አትግዙ

ልጃችሁ ፊደል ለይቶ አንድ ሁለት ቃል በዓይኑ መያዝ ሲጀምር ሰው ሁሉ «መጽሐፍ ግዙለት» ይላችኋል። የቱን እንደሆነ ግን የሚነግራችሁ የለም። እኔንም የነገረኝ አልነበረም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ልጄ እዚሁ ጎንደር አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ስሙ ይቅር። ፊደሉን ቤት ገበታ ሰቅለን ተወጣነው። እርሳስ አያያዙም፣ ስም መጻፉም ያለ ችግር አለፈ። ጣጣው የመጣው መጽሐፍ ላይ ስንደርስ ነው።

በመጀመሪያ ወረቀት መጣ። የእንግሊዝኛ «ሳይት ወርድስ» (በዓይን የሚያዙ ቃላት) ዝርዝር፣ 220 ቃል፣ ከታቹ «በቃል ይያዝ» የሚል ትእዛዝና የወላጅ ፊርማ ቦታ። ኋላ ሳጣራ ኤድዋርድ ዶልች የሚባል አሜሪካዊ በ1936 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝርዝር ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ እንደተጻፈው አይነበብም። «ሴድ» (said) እና «ዎዝ» (was) ፊደላቸውን አንድ በአንድ ቢያነቧቸው አይመጡም፤ ስለዚህ ልጁ በመልካቸው ይያዛቸው ነው ነገሩ። «ካን» እና «ኢት» ግን ድምፃቸው ተገጣጥሞ የሚነበብ ነው። እነሱን ምን ያሸመድዳል? ደግሞ ከ220ው አንዱም ስም አይደለም። ድመት የለ፣ ኳስ የለ፣ እናት የለች። ሰውየው 95 ስሞችን ለብቻ ዘርዝሯቸዋል፤ ያ ወረቀት ወደ እኛ አልመጣም። «ኦፍ» የሚል ካርድ ይዛ ትንሽ ልጅ ምን ታድርገው?

ለአማርኛውም ካርድ ተሠራ። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ አንዱ ካርድ ላይ «የ» ብቻ፣ ሌላው ላይ «ከ» ብቻ። እነዚህ ፊደሎች መጽሐፍ ላይ ብቻቸውን ቆመው አይገኙም፤ ሁልጊዜ ሌላ ቃል ላይ ተለጥፈው ነው። ልጅ መልመድ ያለበት «ቤት» ብሎ ጀምሮ «ከቤት»፣ «በቤቱ»፣ «ቤታችን» ሲመጣበት ያችኑ «ቤት» ውስጣቸው ማየትን ነው። ይህን ለመምህሯ ነገርኳት። እሷም ገብቷታል፤ «ከላይ የወረደ ነው፣ ምን ላድርግ» አለችኝ። እሷን አልቀየማትም።

ከዚያ መጽሐፉ መጣ። መጽሐፍ አይባልም፣ ኮፒ ነው። ሽፋኑ ላይ «ደረጃ አንድ» የሚል ማህተም አለ። ከውጭ የገዛነውን አይቀበሉም፤ ፋይናንስ ከፍለን፣ ደረሰኝ ይዘን ከራሳቸው መውሰድ አለብን። ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት።

እስቲ አንዱን ገጽ ልንገራችሁ። «ቡና»፣ «ቢላ» እና «ቤት» አንድ ገጽ ላይ ናቸው። «ቡ» መስመሯ ወገቧ ላይ ነው፣ «ቢ» እግሯ ላይ ነው፣ «ቤ» እግሯ ላይ ቀለበት አላት። ልዩነቱ ይህችው ናት። የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ቀለሙ ፈሶ የ«ቤ»ን ቀለበት ደፍኖታል። የ«ቡ» መስመር ደግሞ ግማሹ ጠፍቷል። ልጄ «ቢት» ብላ አነበበች። ልክ ነች! የተጻፈው እንደዚያ ነው የሚመስለው። እኔ ራሴ ሦስቱን የለየኋቸው ቃሉን ስለማውቀው ነው።

ኦሪጅናሉ ይሰጠኝ ብዬ ሄድኩ። ኦሪጅናሉ ስቶር ነው፣ የስቶር ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነው። ስመለስ ስቶሩ ተከፍቷል፣ ግን ሳይፈረም አይወጣም፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። የደፈረሰውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አላየውም። «እህቴ፣ ይሄ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው። ወላጅ ባይገባበት ጥሩ ነው» አለኝ። የጠፋ ቀለበት ምን ዓለም አቀፍ አለው? ገንዘቤ ይመለስ ስል ደግሞ ወደ ፋይናንስ ላከኝ፤ ፋይናንሷ ወደ እሱ መለሰችኝ። የመንግሥት ቢሮም ደጅ ጠናሁ። «በጽሑፍ አቅርቢ» ተባልኩ። አቀረብኩ። ደብዳቤው ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ሆነ። እስካሁን ፋይል ነው።

የእንግሊዝኛው ክፍል ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረው። ልጄ ገጹን ስታገላብጥ በእንግሊዝኛ ታንበለብለዋለች። ደስ አለኝ። አንድ ቀን ማታ ግን ቀይ የእህል ጎተራ የተሣለበት ገጽ ላይ ጮክ ብላ «ሃውስ» አለች። ከሥሩ የተጻፈው «ባርን» ነው። የነጠላዬን ጫፍ ሥዕሉ ላይ ጣል አደረግሁና «እስቲ አሁን» አልኳት። ዝም። የሚቀጥለውን ገጽም ሸፈንኩት። ዝም። ከዚያ ነጠላውን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችና «ዳክ!» አለች፣ በኩራት። ስታነብ የነበረው ሥዕሉን ነው።

ይህን ድሮ የኔታዎች ያውቁት ነበር። ልጅ «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ ዜማ ሲያወርደው ፊደሉን ይወቀው፣ ዜማውን ይወቀው አይለይም። ለዚያ ነው አቡጊዳ ያለው። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ እያለ እስከ ሳብዑ ይዘላል፤ ተራውን የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። በዚህች የቆሎ ተማሪ በሞላባት ከተማ ይህን ለትምህርት ቤት ማስረዳት ማስፈለጉ ይገርመኛል።

እንግዲህ አሁን እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤቱ መመሪያ ጋር ይጋጫል፣ ይጋጭ።

ዝርዝሩን አስቀምጡት። መጀመሪያ መጽሐፉን ምረጡ፣ ቃላቱን ከመጽሐፉ አውጡ። ቆማችሁ አንድ ገጽ አንብቡ። «ነው»፣ «አለ»፣ «ወደ»፣ «ላይ»፣ «ውስጥ» ተመላልሰው ይመጣሉ? አንድ ዓረፍተ ነገር በየገጹ እየተመለሰ አንድ ቃል ብቻ ይቀይራል? ግዙት። በየመስመሩ አዲስ ቃል ካለ ሽፋኑ ላይ ምንም ይጻፍ፣ እሱ ለእናንተ ማንበቢያ ነው፤ ማታ እያነበባችሁ አስተኙበት። ፒያሳ የሚሸጡት የሚያብረቀርቁ የውጭ መጽሐፎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ደግሞ በረዶና የበረዶ ጓንት ናቸው።

ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ በቃላት መካከል ክፍተቱ ይታይ። አንዱ ገጽ ላይ «ዓይን» ሌላው ላይ «አይን» የሚል መጽሐፍ መልሱት። ለእኛ አንድ ነው፣ ለጀማሪ ግን ሁለት ቃል ነው። «ገና»ን እና «አለ»ን የመሳሰሉት ጠብቀውም ላልተውም ይነበባሉ፣ ጽሑፉ አይለያቸውም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ የትኛው እንደሆነ የሚናገር መሆን አለበት። ሁለት ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ያለበትንም ለጊዜው አልወደውም። ብዙ ሰው ያሞግሰዋል፤ የእኔዋ ግን በቀለለው በኩል ታመልጣለች።

ሱቅ ካጣችሁ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ አለ። አማርኛ ተረቶች አሉት፣ በነፃ ይወርዳሉ፣ ማተምም ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ደረጃ በጣም ጥቂት ቃል ነው። እሱንም ቢሆን አንብባችሁ ምረጡ። እኔ ማራኪ ሰፈር ያለ ማተሚያ ቤት በትልቅ ፊደል አሳትሜ፣ በስቴፕለር አስይዤ ሰጠኋት። ስለ ዶሮ ነው። በረዶ የለውም። ሥዕሉን ሸፍኜ ስፈትናት አነበበችው። እንዲያውም «ዶሮዋ» የሚለው ላይ ቆም ብላ «ዶሮ አለችበት» አለችኝ።

የሁለተኛው ሴሚስተር ኮፒ ደግሞ መጥቷል። ማህተሙ ያው ነው፣ ዋጋው ጨምሯል። አልከፈልኩም። ካልከፈልሽ የውጤት ካርዷን አንሰጥም ብለውኛል። ይያዙት።