ቆጠራና ፈተና በአንድ ቀን

የምሠራው የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሒሳብ ክፍል። ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ማታ ማታ ስድስት ኪሎ ማስተርሴን እማራለሁ። እየሠራ የሚማር ሰው ሁሉ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያማርራል። እውነቱን ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ በዚያ ላይ በሰኔ ዝናብ፣ ከሜክሲኮ ስድስት ኪሎ ቀልድ አይደለም። የእኔ ራስ ምታት ግን ሰኔ 30 ነበር።

የሒሳብ ሰው ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ያን ቀን ነው፤ ሱቁ ሁሉ «ለቆጠራ ዝግ ነን» ብሎ ይለጥፋል። የፈተና ፕሮግራም ሲወጣ አንዱ ፈተና እዚያው ቀን ላይ ጉብ አለ። ማታ 12 ሰዓት።

ፕሮግራሙን ይዤ አለቃዬ ቢሮ የገባሁት ገና በግንቦት ነው። የትምህርት ፈቃድ ብዬ አልጀመርኩም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ይህን ጉዳይ ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ትቶታል፤ የእኛ ደንብ ደግሞ ስለ ትምህርት ትንፍሽ አይልም። በሰኔ መጨረሻ የዓመት ፈቃድ የሚሞላ የሒሳብ ሠራተኛም እስካሁን አላየሁም።

«ቆጠራው አይቀርም፣ አንቺም አትቀሪም» አሉኝ።

መላው የተገኘው ከመጋዘን ኃላፊያችን ነው። ጋሼ ነው የምንላቸው። «የማይንቀሳቀሰውን ዕቃ ምን ሰኔ 30 ድረስ ያስጠብቀዋል?» አሉ። ኦዲተሮቹም ተስማሙ። የቆመው ዕቃ ቀድሞ ተቆጠረ፤ መደርደሪያው ላይ የተፈረመበት ወረቀት ተለጠፈ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ካለ በቢን ካርድ (የዕቃው ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ካርድ) ተመዝግቦ ብቻ። ለ30 የቀረው ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው ነው፤ ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። 10 ሰዓት ላይ እጄን ታጥቤ ወጣሁ።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። የቆመውን ስንቆጥር አቧራው ሲያስነጥሰን ዋለ። ካርቶኑን አይጥ በልቶታል፤ ውስጡ ያለው ፍሪሲዮን ደግሞ ከመንገድ ከጠፉ የሰነበቱ መኪኖች ፍሪሲዮን ነው። መዝገብ ላይ ግን በተገዛበት ዋጋ፣ አምስት ሳንቲም ሳይነካ ተቀምጧል። ያን ሰሞን የምንማረው አይኤኤስ 2ን፣ ስለ ዕቃ ክምችት የሚናገረውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ነበር። ዕቃ የሚያዘው በተገዛበት ዋጋ፣ ወይም ተሽጦ የመሸጫ ወጪው ሲቀነስ በሚተርፈው ነው፤ ከሁለቱ ባነሰው። አገራችን ይህን ዓለም አቀፍ ደረጃ በአዋጅ 847/2006 የተቀበለችው ስለሆነ የመምህር ወሬ ብቻ አይደለም።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «የክላሱን እዚያው ክላስ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ክላስ ወሰድኩት፤ የኮርሱ ወረቀት ርዕስ አደረግኩት። ሰው «ጊዜሽን አብቃቂ» ይላል፤ የሚብቃቃው መቼ ተገኝቶ? የሚያዋጣው አንዱን ድካም ሁለት ቦታ ማስከፈል ነው። የድርጅቱን መረጃ ለወረቀቱ እንድጠቀም የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ አጽፌ የድርጅታችን መዝገብ ቤት አስገባሁ። ማኅተም፣ ቁጥር፣ «ለሚመለከተው ይመራ»፤ ከእኔ ጠረጴዛ እስከ አለቃዬ ጠረጴዛ ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ደብዳቤው ግን ሕንፃውን ዞረው። ተፈቀደ፤ የድርጅቱ ስም እንዳይጠቀስ ተብሎ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ሻጮቹን «ይሄን አሁን በስንት ትወስዱታላችሁ?» እያልኩ ጠየቅኩ። አንዱ ፍሪሲዮኑን በእጁ አገላብጦ «በኪሎ ከሆነ እንነጋገር» አለኝ። እሱንም ጻፍኩት።

ኦዲተሮቹ በመስከረም ሲመጡ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ያ መደርደሪያ ሆነ። የግብር ማሳወቂያው ጥቅምት 30 ያበቃል፤ እንደ አዲስ ዋጋ የሚያጠና ሰው ከየት ይምጣ? አለቃዬ በሩን ከፈት አድርገው «ያ ወረቀትሽ አለ?» አሉ። ዕቃው በየስሙ፣ መጨረሻ የተሸጠበት ቀን፣ የሶማሌ ተራ ዋጋ፣ ሁሉም ሠንጠረዥ ላይ ነበር። ኦዲተሩ ጥቂቱን ራሱ አጣርቶ ተቀበለው።

ዘንድሮ የቆጠራው ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት አለቃዬ ጠርተው የፈተና ቀኔን ጠየቁኝ። የትምህርት ክፍያውን ግን አሁንም ከኪሴ ነው የምከፍለው፤ ስለ ደመወዙ ደግሞ አታንሱብኝ።